የሞተር ውድድር ውዱ ነገር ሞተሩ አይደለም

ባሕር ዳር ያደግን ብዙዎቻችን ሳይክል የተማርነው በራሳችን ሳይክል አይደለም። የሰፈሩ አከራይ ያረጁ ሳይክሎቹን ደርድሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሳንቲም ያገኘ ልጅ ይከፍላል፣ ግማሽ ሰዓት ይነዳል፣ ይወድቃል፣ ጉልበቱን ይልጣል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይመልሳል። ከዚያ ተረኛው ይቀበላል። አንዲት ሳይክል በአንድ ቅዳሜ ስንት ልጅ እንዳስተማረች አስቡት! ከተማችን የሳይክል ከተማ የሆነችው ሁሉም ቤት ሳይክል ስለነበረው አይደለም። ሳይክል የሌለውም ልጅ መንዳት ስለቻለ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። 13 ዓመቱ ነው። የእሱ እኩዮች ስልካቸው ላይ ኳስ ሲያዩ እሱ ሞቶ ጂፒ ያያል። የማርክ ማርኬዝን ታሪክ ከእኔ ስልክ ቁጥር በላይ በቃሉ ያውቀዋል። ስፔናዊው በ4 ዓመቱ ሞተር ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ገና በ20 ዓመቱ የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2025 ደግሞ ለሰባተኛ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደ። ልጁ ይህን ሁሉ ከዘረዘረልኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ለመጀመር ስንት ብር ያስፈልገኛል?» አለኝ።

ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ምክንያቱም ሞተር የሚወድ ልጅ «አይሆንም» ስላሉት ብቻ መውደዱን አይተውም። ሜዳ ካላገኘ አንድ ቀን የሰው ሞተር ተውሶ፣ ያለ ሄልሜት፣ ጓደኛውን ከኋላ ጭኖ፣ ሰፊው አስፋልት ላይ ይሞክረዋል። የዚያን ቀን ወጪ ደግሞ በብር አይቆጠርም።

እናም ስሌቱ ይኸውላችሁ።

ሞተሩ ራሱ

ለልጆች የሚሠራ የውድድር ሞተር ከተማ ውስጥ ከምናየው ጋር አንድ አይደለም። በሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈርና በጉብታ ላይ በሚደረገው ውድድር፣ ልጆች የሚጀምሩት በ50 ሲሲ ነው። ቁመታቸውና ጉልበታቸው ሲጨምር ወደ 65፣ ከዚያ ወደ 85 ሲሲ ያልፋሉ። ኬቲኤም የሚያመርተው የ50 ሲሲ የልጆች የውድድር ሞተር በአሜሪካ ገበያ ከ4,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። ለመለማመጃ ብቻ የሚሆነው የሆንዳ 50 ሲሲ እንኳ ከ1,500 ዶላር ይበልጣል። ማጓጓዣውም፣ ቀረጡም፣ ታክሱም ገና አልተነካም።

ወደ ብራችን እንመልሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ሒሳብ 4,000 ዶላር ማለት 228,000 ብር ነው። ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ 100 ብርን ተሻገረ። ለስሌት እንዲመቸን በ100 ብር ብቻ እንያዘውና ያው ሞተር 400,000 ብር ይሆናል። ፋብሪካው ዋጋ ሳይጨምር፣ ሞተሩ አንዲት ብሎን ሳይቀየርለት፣ ለእኛ ቤተሰብ የዋጋውን ከግማሽ በላይ ተወደደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ግን ቆዩ፤ ትልቁ ወጪ ገና አልመጣም።

ከግዢው በኋላ ያለው

እናቶቻችን ጫማ ሲገዙልን አንድ ቁጥር አስበልጠው ነበር፤ «ያድግበታል» ብለው። በሞተር ውድድር ይህ ጥበብ አይሠራም። የሰፋ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ጭንቅላት ላይ ይሽከረከራል ወይም ይወልቃል። ልክ መሆን አለበት፤ ልጁ ሲያድግ ደግሞ ይቀየራል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜትም ከውጭ ደህና ቢመስል ከውስጥ ያለው አደጋውን የሚውጠው ፎም ተጨፍልቋልና ይጣላል። ጓንቱ፣ ረጅሙ ቦቲ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያው፣ የደረትና የጀርባው ጋሻ፣ የዓይን መነጽሩ ሁሉ ከልጁ እኩል የሚያድጉ ዕቃዎች ናቸው። እንዲያውም ሞተሩም አብሮ ያድጋል! የ8 ዓመት ልጅ የገዛችሁለትን 50 ሲሲ በ10 ዓመቱ አይችለውም፤ ጉልበቱ ከእጀታው ጋር ይጋጫል።

ቀጥሎ ጥገናው ይመጣል። ከተማ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ሞተር ዘይቱ ከተቀየረለት ዓመታት ይሠራል፤ ዕድሜውን በኪሎ ሜትር እንቆጥርለታለን። የውድድር ሞተር ግን ዕድሜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ትንሽ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲጨነቅ ስለሚውል ፒስተኑና ቀለበቱ በጥቂት አሥር ሰዓታት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ጎማው፣ ካቴናው፣ የፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑ፣ የአየር ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሞተር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄን ስለዚህ ሳነሳበት ሳቀ። ደንበኛ ስለ ሞተር ዋጋ ይከራከራል እንጂ ስለ መለዋወጫ አስቀድሞ የሚጠይቅ የለም አለኝ።

በላዩ ላይ ነዳጁን፣ ሞተሩን የሚጭነውን መኪና፣ አልጋና ምግቡን፣ የውድድር መመዝገቢያውን፣ ኢንሹራንሱንና ሜዳው ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን አምቡላንስ ጨምሩበት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመረጡት መንገድ ከዚያም ይበልጣል። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ በሰላም መመለስ ራሱ የሚታሰብበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የልጁን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ ብል፣ ሞተር መግዣ ያገኘ ቤተሰብ የመግቢያ ትኬቱን ብቻ ነው የያዘው። ትርዒቱ በየሳምንቱ ይከፈልበታል።

ታዲያ ሌሎቹ ልጆች እንዴት ገቡ?

የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ሁሉ የሀብታም ልጆች ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ እንደሚቀድም ማንም አይክደውም። ግን ስፖርቱ ራሱ አንድ ነገር ተረዳ፤ በወላጅ ኪስ ብቻ ከተመረጠ ጎበዞቹ ሜዳ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 ሬድ ቡል ሩኪስ ካፕ የሚባል የታዳጊዎች ውድድር ተጀመረ። አሠራሩ ግልጽ ነው። ታዳጊዎቹ ሜዳ ላይ ተፈትነው ይመረጣሉ። የተመረጠው ልጅ ሞተር ይዞ አይመጣም። ሁሉም አንድ ዓይነት የኬቲኤም ሞተር ይሰጣቸዋል፤ ልብሱም፣ መካኒኩም በአዘጋጁ በኩል ነው። አሸናፊው ውድ ሞተር ያለው ሳይሆን የተሻለ የነዳው ይሆናል። የ2014 ሻምፒዮን ሆርሄ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2024 የሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ባይንደርም በዚሁ በር ነው ያለፈው። በ2016 የሞቶ 3 የዓለም ዋንጫን ወሰደ፤ በ2020 ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ላይ በትልቁ ሞቶ ጂፒ ያሸነፈ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። አፍሪካዊ ልጅ እዚያ ሊደርስ አይችልም ያለ ካለ ይህን ይመልከት።

ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ሚኒ ጂፒ የሚባል ተከታታይ ውድድር ለትንንሾቹ ተከፈተ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ትንንሽ ሞተር፣ አንድ ዓይነት ጎማ ይዘው ይወዳደራሉ። የሚሮጡትም በትልቅ የውድድር አስፋልት ላይ ሳይሆን ለጎ-ካርት በተሠራ ትንሽ መሮጫ ነው። ትንሽ ሜዳ፣ ትንሽ ፍጥነት፣ ትንሽ ወጪ።

ወደ እኛ መንገድ የሚቀርበው ግን የህንዱ ይመስለኛል። ቲቪኤስ የሚለውን ስም ከተማችን ውስጥ ሞተሩ ላይም ባለ ሦስት እግሩ ላይም ታዩታላችሁ። ይህ ኩባንያ አገሩ ላይ ለዓመታት የአንድ ዓይነት ሞተር ውድድር ያካሂዳል። እዚህ ወጣቱ የሚያደንቀውን አፓቺን ለውድድር አስተካክሎ ለተመረጡት ተወዳዳሪዎች ያቀርባል። ለኩባንያው ማስታወቂያ ነው፣ ለወጣቱ ዕድል ነው። ሁለቱም ተጠቃሚ ናቸው።

ጎረቤት አፍሪካንም እንይ። ኡጋንዳ ውስጥ ወደ ኢንቴቤ በኩል፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ጋሩጋ የሚባል የሞቶክሮስ መሮጫ አለ። አስፋልት አይደለም፤ አፈር ነው፤ ጉብታና መታጠፊያ ነው። ትንንሽ ልጆች በ50 ሲሲ ይጀምሩበታል፤ ኡጋንዳም የአፍሪካ አገሮችን የሞቶክሮስ ውድድር አስተናግዳለች። የሐይቅ ዳር ከተማ፣ አፈርና የሚያስተባብር ሰው። ከእኛ የጎደለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

አያችሁ? ሩኪስ ካፕም ሆነ የህንዱ ውድድር የሠራው የሰፈራችንን የሳይክል አከራይ ሥራ ነው። ሞተሩን ከልጁ እጅ አውጥቶ የጋራ አደረገው።

በብር ስንመነዝረው

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ክለብ 5 የልጆች ሞተር ገዛ እንበል፤ በያዝነው ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር። በአንድ ሞተር 4 ልጆች እየተፈራረቁ ቢለማመዱ 20 ልጆች ይሆናሉ። ለአንድ ልጅ የሞተሩ ድርሻ ከ400,000 ወደ 100,000 ብር ወረደ። ሞተሮቹ ለ4 ዓመት በጥሩ ጥገና ቢያገለግሉ ለአንድ ልጅ በዓመት 25,000 ብር ነው። በወር ከ2,100 ብር በታች።

ይህ ለብዙ ቤተሰብ አሁንም ብዙ ብር ነው፤ አልደብቅም። መለዋወጫውና ቀረጡም ከዚህ ውጭ ናቸው። ግን 400,000 ብር «የማይቻል» ሲሆን በወር 2,100 ብር «ማን ይደግፈን?» የሚያሰኝ ነው። አንድ ሞተር አስመጪ፣ አንድ ሆቴል፣ ውጭ ያለ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ሊሸፍነው የሚችል ቁጥር ነው። እቁብና እድር የሠራ ሕዝብ ይህን ሒሳብ ለማንም አያስተምሩትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ሲያድግ ሞተሩ አብሮት አይጣልም፤ ለታናሹ ይተላለፋል። ቦቲውና ጋሻውም እንደዚያው። ሄልሜት ግን የግል ይሁን፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ሳይክሉን አንናቅ

የሞተር ሕልም ያለው ልጅ ሞተር እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም። ሚዛን መጠበቅ፣ መታጠፊያ ላይ ዓይንን ወደ መውጫው መላክ፣ ፍሬንን ሳይደነግጡ መያዝ፣ ሲወድቁ መንከባለል፣ ሁሉም በሳይክል ይጀመራሉ። ትልልቆቹ የሞተር ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ ለትንፋሽና ለእግር ጉልበት ሳይክል ይለማመዳሉ።

በዚህ ደግሞ ታሪክ አለን። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፅጋቡ በሙያተኛነት የነዳቸው ብስክሌቶች የቡድኖቹ ናቸው። በዓለም ደረጃ የሚነዳ ብስክሌት ዋጋ ከሞተር ዋጋ የሚያንስ እንዳይመስላችሁ። እሱም እዚያ የደረሰው ጉልበቱንና ችሎታውን ይዞ ነው፤ ማሽኑን ሌላው አቀረበ።

ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ሴት ልጆችም ሳይክል ይነዳሉ። ስለዚህ ክለብ ሲታሰብ «ለወንዶች» ብሎ መጀመር አያስፈልግም። ስፔናዊቷ አና ካራስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሜዳ ተወዳድራ የሱፐርስፖርት 300 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ደም የተከፈለበት ሕግ

አሁን ወደ አስፈሪው ነገር። ይህን ሳልጽፍ ብዘለው ወላጆችን መሸወድ ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ታዳጊ ተወዳዳሪዎች ሜዳ ላይ ሞቱ። የ19 ዓመቱ ጄሰን ዱፓስኪዬ ጣሊያን ሙጄሎ ላይ፣ የ14 ዓመቱ ሁጎ ሚላን አራጎን ላይ፣ የ15 ዓመቱ ዲን ቤርታ ቪኛሌስ ሄሬዝ ላይ። ሦስቱም ከወደቁ በኋላ ከኋላ የመጣ ሞተር ገጭቷቸው ነው። ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ ሄሊኮፕተር ባለበት።

ከዚያ በኋላ የዓለም የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ከ2023 ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮና የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ወደ 18 ከፍ አደረገ። በታዳጊዎች ውድድር በአንድ ጊዜ የሚነሱትን ሞተሮች ቁጥርም ቀነሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ልጅ በለጋነቱ ሞተር ሊማር ይችላል፤ በለጋነቱ ከሰላሳ ሞተር ጋር በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሽቀዳደም ግን ሌላ ነገር ነው።

ለእኛ ይህ ማለት፣ ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነስ ወጪ እና የማይቀነስ ወጪ አለ ማለት ነው። ሞተሩ ያረጀ ይሁን፤ ችግር የለም። ዋንጫው ከቆርቆሮ ይሠራ። ቲሸርቱ ይቅር። ሄልሜት፣ ጋሻ፣ ሜዳ ዳር የሚቆም አምቡላንስና የሠለጠነ ባንዲራ ያዥ ከሌለ ግን በዚያ ቀን ሞተር አይነሳ። ከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሏት፤ ከመሮጫው እስከ ድንገተኛ ክፍሉ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ደግሞ ሜዳው ከመመረጡ በፊት በሰዓት ይለካ።

ባሕር ዳር ላይ ቢሆን

ሜዳው የት ይሁን? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሐይቁን ዳር ነው፤ ለፎቶም ያምራል። እኔ ግን እዚያ ይሁን አልልም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዳርቻው የወፍ መራቢያ፣ የዓሣ መፈልፈያ፣ የደንገል ቦታ ነው። እምቦጩ ያደረሰበት ሳያንሰው የተቃጠለ ዘይትና የሞተር ጩኸት አንጨምርበት። መሮጫው ከውኃው ርቆ፣ ምናልባት ድንጋይና አሸዋ ወጥቶበት የተተወ መሬት ላይ ቢሆን ይሻላል። እንዲህ ያለ መሬት ለእርሻም ለቤትም አይሆንም፤ ለሞቶክሮስ ግን ጉብታው ራሱ ሀብት ነው።

ጠጋኙስ? ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ ፖሊ ቴክኒክ የነበራት ከተማ ናት። ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። የውድድር ሞተር በሰዓት እየተቆጠረ የሚፈታ የሚገጠም ከሆነ፣ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የት ይገኛል? ከ20 ልጆች አንዱም የዓለም ሻምፒዮን ላይሆን ይችላል። ግን ሦስቱ ጥሩ መካኒክ፣ ሁለቱ አሠልጣኝ፣ አንዷ ሰዓት ያዥ ዳኛ ቢወጡ፣ የቀሩት ደግሞ መንገድ ላይ ሄልሜት ሳያደርጉ የማይነሱ ሞተረኞች ቢሆኑ ብሩ የት ገባ ይባላል?

አዲስ አበባ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ ነበር፤ ምክንያቱ የወንጀል ስጋት ነበር። በአገራችን ሞተርና ወጣት በአንድ ላይ ሲነሱ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ችግር» ነው። ይህን ስም የሚቀይረው ስብከት አይመስለኝም። ቅዳሜ ጠዋት፣ አጥር ያለው ሜዳ ውስጥ፣ ቁጥር የለበሱ ልጆች ወላጆቻቸው እያዩዋቸው በተራ ሲነዱ የታየ ቀን ስሙ በራሱ ይቀየራል።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ይህን ጉዳይ ከልቡ የሚፈልግ ካለ፣ ሞተር ለመግዛት ብር ማጠራቀም አይጀምር። መጀመሪያ እንደ እሱ የሚፈልጉ አሥር ልጆችን ከነወላጆቻቸው ያሰባስብ። ሁለተኛ ሥራውን የሚያውቅ አንድ መካኒክና ሰው ሲወድቅ ማንሳት የሚያውቅ አንድ የጤና ባለሙያ ያግኝ። ሦስተኛ የስም ዝርዝሩን ይዞ ወደ ከተማው ስፖርት ቢሮና ወደ ሞተር አስመጪዎች ይሂድ። ባዶ እጁን የሄደ አንድ ልጅ «ግዙልኝ» ነው የሚለው፤ አሥር ሆኖ የሄደ «አብረን እንሥራ» ይላል። በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ሁለተኛው ነው።